የመሃል ከተማው መዋኛ ሊዘጋ ነው፣ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መሃል ከተማ ያለው የሕዝብ መዋኛ ገንዳችን "ወጪው በዛ" ተብሎ ሊዘጋ ነው። ልጆቼ ዋና የለመዱት እዚያ ነው፣ እኔም ወገቤን ካመመኝ ወዲህ ውሃ ውስጥ እንድንቀሳቀስ ነው ሐኪም የነገረኝ፣ ታዲያ አሁን የት እንሂድ? ፊርማ ከማሰባሰብ ሌላ ምን ይደረጋል?

መልስ 1፦
ፊርማው ይቅር አልልም፣ ብቻውን ግን የትም አያደርስም። መጀመሪያ የወጪ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። "በዛ" ብሎ መልስ የለም። ውሃው የሚሞቅ ከሆነ ገንዘቡን በደንብ የሚበላው ማሞቂያው ነው፣ ከሚባክነው ሙቀት ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ በትነት ነው የሚሄደው። ማታ ማታ ገንዳውን መሸፈን ብቻ ስንቱን ያድናል! የኛዎቹ መሸፈኛ እንኳ አልነበራቸውም፣ ጉድ እኮ ነው።

መልስ 2፦
ፓምፑንም እዩት። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሱት የሚፈልገው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። ባለሙያ ያስተካክለው ግን፣ ውሃው በደንብ ካልተጣራ ሌላ ጣጣ ነው።

መልስ 3፦
እኔ የምፈራው "ለጊዜው ለጥገና" የሚሏትን ነገር ነው። ባዶውን የቆየ ገንዳ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የከርሰ ምድር ውሃም ከስር ይገፋዋል፣ ከዚያ "ማደስ አይቻልም" ይባልና አለቀ። ውሃው እንዳለ ተከራከሩ። ትምህርት ቤቶችንም አስገቡ፣ ጠዋት ጠዋት ባዶ አይደል?

ጠያቂ፦
ሄጄ አየሁ፣ መሸፈኛ የለውም! ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ።