ለሐምሌ 11 የማንዴላ መታሰቢያ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማንዴላ ልደት ለወረዳው የምናስገባው ፕሮፖዛል ረቂቅ ደርሷችኋል። ሐሳባችሁን እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።

የፕሮግራም ኮሚቴ፦ አነበብኩት። 27 ዓመት መታሰራቸውና ይቅር ማለታቸው አለ፤ ታጋዩ ግን የለም። ኮልፌ ተቀምጠን ይህን እንዴት እንዘላለን? በ1954 ዓ.ም. ክረምት ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ ነበሩ። ተኩስ፣ ሞርታር፣ ፈንጂ ተምረዋል፤ ሸክም ይዘው ረጅም መንገድ ተጉዘዋል። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳያልቅ ድርጅታቸው ጠራቸው። የፖሊስ መኮንኑ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። አገራቸው በገቡ በቀናት ውስጥ፣ ሐምሌ 29፣ ተያዙ። ሽጉጡ ጆሃንስበርግ አጠገብ ሪቮንያ አካባቢ እርሻ ላይ እንደተቀበረ ቀረ፤ ተፈልጎም አልተገኘም።

መምህሩ፦ የአውሮፕላኑንም ታሪክ ጨምሩ። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይተው ደነገጡ፤ ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል ብለው። ወዲያው ግን ሐሳቡ የአፓርታይድ፣ ማለትም የአገራቸው የዘር መድልዎ ሥርዓት፣ መሆኑን ራሳቸው ነቁበት፣ በኋላም በግለ ታሪካቸው ሳይደብቁ ጻፉት። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሥርዓቱ ሊጥለው የተነሣውን ሰው አእምሮ ሳይቀር ምን ያህል ዘልቆ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳልኝ ነገር አላገኘሁም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ይግባ። እኔን የሚያሳስበኝ መሣሪያው ጎልቶ ይቅርታው እንዳይደበዝዝ ነው። ልጆች ይመጣሉ።

የፕሮግራም ኮሚቴ፦ እቴ፣ አይደበዝዝም። በ1977 ዓ.ም. ዐመፅን አልቀበልም ካሉ እንፈታዎታለን ሲባሉ እምቢ ብለው እስር ቤት ቀሩ። በ1982 የካቲት ያለዚያ ቃል ወጡ፣ ከዚያ ከአሳሪዎቻቸው ጋር ተደራደሩ፣ በ1986 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ አንድ ዘመን ብቻ አገልግለው ለቀቁ። ልጆቹ ቅደም ተከተሉን ይስሙት።

ገንዘብ ያዥ፦ እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። በዕለቱ 67 ደቂቃ ሰውን ማገልገል የተለመደው ለ67 ዓመት ትግላቸው ነው። እኛ ጋ ሐምሌ ዝናብ ነውና የሁለት አረጋውያን ጎረቤቶቻችንን የሚያፈስ ጣሪያ እንጠግን። በጀቱን ከአዳራሽ ማስጌጫው ላይ እቀንሳለሁ።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። መግቢያውን ከኮልፌ ጀምሬ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ የአብራሪውን ታሪክ መምህሩ ያቀርባሉ። ቆርቆሮና ምስማር ስንት እንደሚበቃ ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ የሚለካ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።