የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፦ ሕንጻው ይቅደም ወይስ መዝገቡ?

የታሪክ መምህር፣ ደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም? ነገሩን ያነሣሣኝ በአሜሪካ የሚገኘው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. የከፈተው አዲሱ የሙዚየም ሕንጻ ነው። ዘጠኝ እርስ በርስ የተያያዙ ክፍሎች አሉት፤ ስፋቱ ከ13 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ነው፤ ንድፉ የጋና ተወላጆች ልጅ የሆነው የዴቪድ አጃዬ ድርጅት ነው። የተከፈተ ዕለት በሩ ለ24 ሰዓት ሳይዘጋ ሕዝቡ ሲገባና ሲወጣ ዋለ፣ አደረ። መግቢያውም በነጻ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን ሕንጻውን አቋርጠው የሚያልፉት መተላለፊያዎች ናቸው። ተማሪው ወደ ትምህርቱ ሲሄድ በዚያ ያልፋል፤ ሳያስበው የጥበብ ሥራ ያያል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ብዙ የግዕዝ ብራናዎችና የክታብ ጥቅልሎች ይገኛሉ። የእኛን ብራና የአሜሪካ ተማሪ አገላብጦ ይማርበታል፤ የእኛው ልጅ ደሴ ላይ አራት ዓመት ተምሮ አንድ ብራና በቅርብ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። ይህ ያስቆጨኛል። የእኔ አቋም ይገንባ ነው።

ሲቪል መሐንዲስ፣ ኮምቦልቻ፦
መምህር፣ ቁጭትዎን እጋራለሁ፤ በመደምደሚያዎ ግን አልስማማም። ዩኒቨርሲቲው በ2014ቱ ጦርነት የደረሰበትን ዘረፋና ውድመት ሁላችንም እናውቃለን። ኮምፒውተሩ፣ የቤተ ሙከራ ዕቃው፣ አልጋው ሳይቀር ሄዷል። ገንዘብ ከተገኘ ከቤተ ሙከራ በፊት ለሙዚየም ይውጣ የሚለውን ሐሳብ ለተማሪ ወላጅ ማስረዳት አልችልም። በሙያዬ አንድ ልጨምር፤ የሕንጻ ትልቁ ወጪ የሚመጣው ከምረቃው በኋላ ነው። ጣሪያ ያፈስሳል፣ መብራት ይቃጠላል፣ የጥበቃና የጽዳት ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል። ሪባን ለመቁረጥ በጀት አይጠፋም፤ ለዚህ ግን የሚመደብ የለም። ደግሞስ ለምን ሁልጊዜ ደሴ? የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ እዚህ ኮምቦልቻ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚህ ነው፤ የሀረጎን ዳገት ወጥተን ሥዕል እንድናይ ነው?

የሥዕል ተማሪ፣ ደሴ፦
ወንድሜ፣ የቤተ ሙከራውን ነገር በሚገባ እረዳለሁ። ለእኔ ግን ቤተ ሙከራዬ ሙዚየም ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራዎች ለረጅም ጊዜ የማውቃቸው በስልክ ነበር። በስልክ ላይ ትልቁም ትንሹም ሥዕል መዳፍ ነው የሚያክለው፤ ቀለሙም ለጥ ያለ ነው። አዲስ አበባ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ከአንድ ሸራ ፊት ስቆም ቀለሙ የት ላይ እንደ ተከመረ፣ የት ላይ እንደ ሳሳ፣ ሰዓሊው ሐሳቡን ቀይሮ በላዩ የደረበበት ቦታ እንኳ ይታይ ነበር። ይህን ማንም በቃል ሊያስተምረኝ አይችልም። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለአንድ ተማሪ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የማደሪያ ገንዘብ ማለት ነው።

ዲያቆን፣ ሐይቅ፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሙዚየሙ በምን ይሞላል? ዓይን ሁሉ ወደ ገዳማቱ እንደሚዞር አውቃለሁ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ በገዳሙ እጅ ኖሯል። ሥዕሎቹን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ያ መጽሐፍ ለእኛ ቅዱስ ንብረት ነው፤ ወንጌል ነው። ጠብቆ ያቆየውም የመነኮሳቱ ጥንቃቄ ነው። ሕንጻ ሠርታችሁ «አምጡ» እንዳትሉን ከአሁኑ እናገራለሁ።

የኪታብ ቤተሰብ ልጅ፣ ሸዋ በር፦
ወንድማችን ዲያቆን የተናገሩት የእኛም ጭንቀት ነው። ነገር ግን ሌላ ገጽታ አለው። አያታችን የተዉልን ኪታቦች፣ በእጅ የተጻፉ የእስልምና መጻሕፍት ማለቴ ነው፣ በቤታችን በእንጨት ሣጥን ተቀምጠዋል፤ ከእነዚህ መካከል እንደ ወሎው የመንዙማ ደራሲ እንደ ሸኽ ጦልሃ ድርሰቶች ሁሉ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ አለ። ክረምት ሲገባ ሣጥኑን ስንከፍት የሻጋታ ሽታ ይቀበለናል። የአንዱ ኪታብ ጠርዝ ጠቁሮ ገጾቹ ተጣብቀዋል፤ በጣት ለማላቀቅ ሲሞከር ቀዩ ቀለም ተነሥቶ ከፊት ለፊቱ ገጽ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የደፈረው የለም። ሙዚየም ሲባል የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና የመኳንንት ካባ ብቻ ከሆነ የወሎ አይባልም። የእኛንም የሚያውቅ፣ ማከም የሚችል ባለሙያ ያለው ቤት ከሆነ ግን ነገ ይከፈት እላለሁ።

ጡረተኛ የቅርስ ባለሙያ፣ ደሴ፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም እውነት አላችሁ። ይሁን እንጂ ከሕንጻም ከቦታም የሚቀድም ነገር ሳይነሣ ቀረ። እሱም መዝገብ ነው።

የደሴ ሙዚየም በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ውስጥ የነበረ ነው። በ2014 ተዘረፈ። ቅርስ ሲዘረፍ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፎቶውን፣ ልኩን፣ የተሠራበትን ነገርና ልዩ ምልክቱን ነው። «አንድ የድሮ ጋሻ ጠፋን» ብሎ ማመልከት ከንቱ ነው፤ ከሺህ ጋሻ በምን ይለያል? ጫፉ ላይ ያለችው ስንጥቅ፣ ከጀርባው የተሰፋው የቆዳ ቁራጭ ተጽፎ ከሆነ ግን ለንደን ገበያ ላይ ቢወጣ እንኳ እናስይዘዋለን።

መቅደላን አስቡ፤ የእኛው የወሎ ምድር ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉት ይነገራል። ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ፤ ዝርዝራቸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ታተመ። ዛሬ ይመለስልን ስንል በቁጥር ጠቅሰን የምንጠይቀው የወሰዱት ሰዎች በመዘገቡት ነው። ዘራፊው መዝግቦ ባለቤቱ ሳይመዘግብ መቅረቱ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

ስለ ሕንጻውም ልናገር። ደሴ ከጦሳ ተራራ የሚወርድ ጭጋግ የማይለያት ከተማ ናት። ብራና እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መካከል ቀለሙ ይረግፋል። ብርሃኑም ለብራና ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ይመከራል። በትልልቅ መስታወት የተሞላ ዘመናዊ ሕንጻ ሠርቶ ብራና ማስገባት ብራናውን መግደል ነው።

የታሪክ መምህር፣ ደሴ፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ የተናገሩት አሳምኖኛል። በአገራችን ትልቁ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የተደራጀው በአዲስ ሕንጻ አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። እኛም የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለን፤ ሌሎችም ነባር ቤቶች አሉን። ጥያቄዬን ላስተካክል፦ ነባር ቤት ይጠገን፤ የታሪክና የኮምፒውተር ተማሪዎች በየቤቱ፣ በየገዳሙና በየመስጊዱ እየዞሩ ይመዝግቡ፤ የመመረቂያ ሥራቸውም ይሁን።

ዲያቆን፣ ሐይቅ፦
ተመዝግቦ በዚያው ይቀራል ማለት ነው?

ጡረተኛ የቅርስ ባለሙያ፣ ደሴ፦
አዎን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንኛውም ሰው የቅርስ ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል። ባለቤቱ ማስመዝገብና መጠበቅ ግዴታው ነው እንጂ ማስረከብ አይደለም። ለሕዝብ የሚታየው በገዳሙ ፈቃድ የተነሣ ፎቶ ወይም ቅጂ ሊሆን ይችላል።

የኪታብ ቤተሰብ ልጅ፣ ሸዋ በር፦
እንዲህ ከሆነ ሣጥኑን እከፍታለሁ። ፎቶ አንሺው እቤታችን ይምጣ፤ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ ያለ ፈቃዳችን እንዳይታተም ደግሞ በጽሑፍ ይፈረምልን።

የሥዕል ተማሪ፣ ደሴ፦
በሕይወት ያሉ ሰዓልያንንም አትርሱ። የእነሱም ሥራ በየሆቴሉ ግድግዳና በየሳሎኑ ተበታትኗል። ዛሬ ካልተመዘገበ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደ ኪታቡ ነው የሚሆነው።

ሲቪል መሐንዲስ፣ ኮምቦልቻ፦
ለምዝገባው ድጋፌን እሰጣለሁ፤ ወጪው የካሜራ፣ የኮምፒውተርና የትራንስፖርት ነው፤ ይቻላል። የኮምቦልቻ ፋብሪካ የድሮ የጨርቅ ንድፎችና የሠራተኞቹ ፎቶዎችም ካሉ በመዝገቡ ይካተቱ፤ እነሱም ጥበብ ናቸው። የነባሩን ቤት ጥገና ግን ዓመታዊ የእድሳትና የጥበቃ በጀቱ ለብቻው ተጽፎ ካልቀረበ አሁንም እቃወማለሁ።