እንቁጣጣሽ ደረሰ፤ ድፎዬ ግን መሐሉ ጥሬ እየሆነ አስቸገረኝ

የሁለት ልጆች እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፣ ነሐሴ 24

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቃችሁ ስለ ድፎ ዳቦ ነው። ነገሩ ግን ከዳቦው ሰፋ ይላልና ትንሽ ታገሱኝ።

ልጆቼ 8 እና 11 ዓመታቸው ነው። ሁለቱም የተወለዱት እዚህ ነው። እስካሁን እንቁጣጣሽ ለእነሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ነጭ ልብስና ከሱቅ የመጣ ዳቦ ነበር። ባለፈው ዓመት ትንሿ «እማዬ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ምን ትሠሪ ነበር?» አለችኝ። ሥዕል እየሣሉ ለጎረቤት ስለሚያዞሩት ወንዶች ልጆች፣ አበባ ይዘን ከቤት ቤት ስለመዞራችን፣ ሌሊት ቤቱን ስለሚሞላው የዳቦ ሽታ ነገርኳት። እየነገርኳት ሆዴ ባባ። ዘንድሮ ሁሉንም በእጃችን እንሥራው ብዬ ቃል ገባሁላት። ሥዕሉ የልጆቹ ነው፣ ዳቦው የእኔ፣ ቤት ማስጌጡ የሦስታችን።

ለልምምድ ሁለት ጊዜ ደፋሁ። ሁለቱም ተበላሸ። የመጀመሪያውን በ400 ፋራናይት 45 ደቂቃ ጋገርኩት። ላዩ ጠቆረ፣ ተሰነጠቀ፤ ስቆርሰው መሐሉ ሊጥ ነው። ሁለተኛውን በ350 ጋገርኩት። ቀለሙ አማረ፤ ግን ከኦቭን ሳይወጣ መሐሉ ጎድጉዶ ወረደ።

የምጠቀመው 1 ኪሎ ተኩል ፉርኖ ዱቄት፣ 2 ፓኬት ደረቅ እርሾ፣ ወተትና ቅቤ ነው። መጋገሪያዬ ክብ ነው፤ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር። ሊጡን እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ ማታ አቡክቼ ጠረጴዛ ላይ አሳድረዋለሁ። ኮባ ስለሌለ የሙዝ ቅጠል ከእስያ ሱቅ ገዛሁ፤ ሳጥፈው ተሰነጣጠቀብኝ።

ሌላው ጭንቀቴ ይኸውላችሁ፦ መስከረም 1 ዘንድሮ አርብ ላይ ነው የሚውለው። ጾም ነው። ያለ ወተትና ቅቤ ዳቦው አይደርቅም? ለቄጤማና ለአደይ አበባ ደግሞ እዚህ አገር ምን ትጠቀማላችሁ?


ጋጋሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ነሐሴ 24

እህቴ፣ እጅሽ ላይ ምንም ችግር የለም። እናትሽም አልተሳሳቱም። የተሳሳተው የአየሩ ነገር ነው።

እናትሽ ሊጡን የሚያሳድሩት በአዲስ አበባ ክረምት ነው። የነሐሴ ሌሊት እዚያ ብርድ ነው፤ ሊጡ ቀስ እያለ ያድራል። አንቺ ደግሞ በቨርጂኒያ ነሐሴ፣ ለዚያውም በ2 ፓኬት እርሾ ታሳድሪዋለሽ። ሊጡ እኩለ ሌሊት ላይ ኩፍ ብሎ ጨርሷል። ጠዋት የምታገኚው አቅሙ ያለቀ ሊጥ ነው። ለዚህ ነው ኦቭን ውስጥ ከፍ ብሎ የሚወርደው።

ስለዚህ እርሾውን ወደ 1 ፓኬት ቀንሺ። አቡክተሽ 1 ሰዓት ውጭ አቆዪው፤ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት አውጪውና መጋገሪያው ላይ ገልብጪው። ሊጡ የመጋገሪያውን ግማሽ ያህል ይሞላል። ብርዱ ለቆት አፉ ድረስ ሊደርስ ሁለት ጣት ሲቀረው ኦቭን ይግባ። ሰዓት አትቁጠሪ፤ ሊጡን እዪ። በጣትሽ ነካ አድርጊው፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ጎድጉዶ ከቀረ አልፎበታል።

የመጀመሪያው ለምን ጥሬ ሆነ? አገር ቤት ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከታችም ከላይም እሳት ይዞ፣ በራሱ እንፋሎት ነው የሚበስለው። የቤት ኦቭን ደረቅ ነው። ላዩን ቶሎ ያደርቀዋል፤ መሐሉ ገና ነው። በ350 ጋግሪው፤ ከታች በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ይሁን። ቅጠሉን ላዩ ላይ አጥፈሽ በፎይል ግጥም አድርገሽ ሸፍኚው። 50 ደቂቃ አትክፈቺው። ከዚያ ፎይሉን አንሺና 25 ወይም 30 ደቂቃ ጨምሪ።

አንድ ነገር ብቻ ግዢ ብትይኝ የምልሽ የምግብ ሙቀት መለኪያ ነው። መሐሉ ላይ ስትሰኪው 200 ፋራናይት ካለ በስሏል። (አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ ይህን ቁጥር አትጠብቁ። እዚያ ከፍታው ስለሚበዛ ውሃ ራሱ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። 90 ከደረሰ አውጡት።)

ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ቢያንስ 3 ሰዓት ተይው። ትኩሱን መቁረስ ድካምሽን ሁሉ ያበላሻል።


እማማ ከጉለሌ፣ ነሐሴ 25

ልጄ፣ ድፎ እኮ ድሮም የጾም ነው። ወተትና ቅቤ የኋላ ነገር ነው። እኔ 40 ዓመት ስደፋ በዱቄት፣ በውሃ፣ በእርሾ፣ በጨውና በዘይት ነው። ለ1 ኪሎ ተኩል ዱቄትሽ ግማሽ ኩባያ ዘይት ይበቃል። ዳቦ የሚደርቀው ቅቤ ስላጣ አይደለም፤ ሊጡ ሲጠጥር ነው። ሊጥሽ ከእጅሽ ጋር ይጣበቅ። አትፍሪው። እጅሽን ውሃ እየነከርሽ ነው የምትገለብጪው። ዱቄት አትጨምሪበት።

ጥቁር አዝሙድ ሙሉውን፣ ድንብላል ደግሞ ቆላ አድርገሽ ሸክሸክ። ያን ጊዜ ነው ቤቱ በዓል በዓል የሚሸተው። ዱቄት ሆኖ የተገዛ ቅመም ሽታው ቶሎ ይጠፋል።

ቅጠሉ የተሰነጠቀው ሳይለበለብ ስለታጠፈ ነው። ኮባም እንደዚያው ነው። እሳት ላይ ሳብ ሳብ አድርጊው፤ ሲያብረቀርቅና ሲለሰልስ ይታይሻል። የመሐሉን ወፍራም አጥንት በቢላ ላጪው። ከዚያ በመስቀልኛ አንጥፊው፤ ጫፉ ከመጋገሪያው ወጣ ብሎ ይንጠልጠል፣ ኋላ ላዩን ታለብሺበታለሽ።

ለልጆቹ ቢጫ ቀለም በብዛት ግዢላቸው። ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። እኛ ሰፈር የሚመጡት ልጆች መልአክ፣ ፀሐይና አበባ ነው የሚሥሉት። ከሚታተመው ካርድ ይልቅ የእነሱን በር ላይ ለጥፌ አቆየዋለሁ።


የማርቆስ ልጅ (ሪችመንድ)፣ ነሐሴ 26

ስለ ዳቦው ከላይ ያሉት ጨርሰውታል። እኔ ስለ ቄጤማውና ስለ አደዩ ልናገር፤ ምክንያቱም በጣም የምወደው ነገር ነው።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ የዋዜማው ትልቅ ሥራ እንግጫ ነቀላ ነው። ልጃገረዶች ሆነን ወደ መስክ እንወርዳለን። እንግጫውን ከነሥሩ እንነቅለዋለን፤ ሥሩ ነጭ ነው። ከዚያ ተቀምጠን እንደ ፀጉር እንጎነጉነዋለን፣ በየመሐሉ አደይ እንሰካበታለን። አባቴ ጭንቅላት ላይ አደርግለት ነበር። እናቴም ላይ። የቀረውን የቤቱ ምሰሶ ላይ እናስራለን። ለእኔ እንቁጣጣሽ ማለት ጣቴ ላይ የሚቀረው የዚያ ሣር ሽታ ነው።

አሁን ጥሩውን ዜና ልንገርሽ። እንግጫን የሚመስል አረም እዚህ በየግቢው አለ። ሣራቸውን የሚንከባከቡ ሰዎች አጥብቀው ይጠሉታል። ከሌላው ሣር ቀድሞ ያድጋል፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። ግንዱን በሁለት ጣትሽ ይዘሽ አሽከርክሪው። ክብ ከሆነ ሣር ነው፤ ሦስት ማዕዘን ከሆነ የቄጤማ ዘመድ ነው። መድኃኒት ያልተረጨበት ግቢ መሆኑን ብቻ ጠይቂ። እኔ ጎረቤቴን ልንቀልልህ ስለው ደስታውን አልቻለውም።

አደይንም የሚመስል አለ። በመስከረም ቨርጂኒያ ውስጥ በየመንገዱ ዳርና በየቦዩ ቢጫ ሆኖ ይሞላል። ቲክሲድ ይሉታል። የሳይንስ ስሙ ቢደንስ ነው፤ የእኛ አደይም ቢደንስ ነው። መጀመሪያ ሳየው መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ከፓርክ አትቁረጪ፣ ክልክል ነው። ዘሩ እንደ ጭጎጎት ልብስ ላይ ይጣበቃልና ልጆቹን ረጅም ካልሲ አልብሻቸው።

ጉንጉኑን በሦስት ዘለላ ጀምሪ። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ከነሥሩ ጨምሪበት፤ ሥሩ ወደ ውጭ ይውጣ። ነጩ ሥር ነው ውበቱ።


የሁለት ልጆች እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፣ ጳጉሜን 1

ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሦስተኛውን ደፋሁ። ሠራ!

ሊጡ ትናንት ማታ ፍሪጅ ገባ። ጠዋት ሳወጣው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበርና ደነገጥኩ። ወደ 3 ሰዓት ተኩል ፈጀ እንጂ ተነሣ። በ75 ደቂቃው ስለካው 188 አለ። አሥር ደቂቃ ጨመርኩ፣ 201 ደረሰ። መሐሉ አልወረደም። ስቆርሰው እንደ ስፖንጅ ነው፤ ቅጠሉ ላዩ ላይ መስመሩን አትሞበታል። ቅቤ የለበትም ብላችሁ ማንም አያምናችሁም። እማማ፣ ድንብላሉን ስቆላ ልጄ ከክፍሉ ወጥቶ «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለኝ። እጅዎን ይባርክልኝ።

ቅጠሉን ልለበልብ በር ከፍቼ ሳለ ጎረቤቴ አየችኝ። የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት። እነሱም ታማሌ የሚጠቀልሉት በዚሁ ቅጠል ነው፤ እንደ እማማ እሳት ላይ ሳብ ሳብ ነው የሚያደርጉት። ገብታ አሳየችኝ። ከዳቦው ሩቡን ይዛ ሄደች።

ልጄ እስካሁን 14 ሥዕል ሥሏል፤ ለፎቃችን ነዋሪ ሁሉ። ቢጫው አልቋል።

የማርቆስ ልጅ፣ አረሙን ከሕንፃው ጀርባ አገኘነው። ልጄ ግንዱን እያሽከረከረች አንድ በአንድ መረመረችው። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ አርብ ትምህርት አለ፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ እኔ ሥራ ነኝ። ረቡዕ ማታ ብንጎነጉነው እስከ አርብ ጠዋት ይቆያል?


የማርቆስ ልጅ (ሪችመንድ)፣ ጳጉሜን 1

ይቆያል። በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከታችኛው ሳጥን አስቀምጪው። አበባውን ግን አሁን አትሰኪ፤ ቅጠሉ ይረግፋል። ግንዱን ውሃ ውስጥ አቁሙትና አርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ልጆቹ ይሰኩት። 10 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። መጀመሪያ አንቺ ጭንቅላት ላይ ያድርጉልሽ።