«ሹል ዘዌ ጎነ ሦስት» ሲባል ሹሉ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሹል ማለት ጫፉ ቀጭን፣ የሚወጋ አይደል? ዘዌዎቹ 20፣ 50 እና 110 ዲግሪ የሆኑ ጎነ ሦስት ሣልኩ። ጫፉ መርፌ ነው የሚመስለው። «ሹል ዘዌ አይባልም» ተባልኩ። ለምን?

መልስ፦ በሒሳብ «ሹል» ከ90 ዲግሪ ያነሰ ማለት ነው፣ በቃ። 89ም ሹል ነው፣ ዓይን አልቀበልም ቢልም። ዋናው ነገር ግን ቃሉ የሚነገረው ስለ ሦስቱም ዘዌዎች መሆኑ ነው። ድምራቸው ሁሌም 180 ስለሆነ የትኛውም ጎነ ሦስት ቢያንስ ሁለት ሹል ዘዌ አለው። አንድ ሹል ይበቃል ካልን ስሙ ለሁሉም ይደርስና ምንም አይለይም። ስለዚህ ትልቁን ዘዌ እይ። ከ90 ካነሰ ሹል፣ ልክ 90 ከሆነ ማዕዘናዊ፣ ከበለጠ ዝርጥ። ያንተው 110 አለበት፤ ዝርጥ ነው።

ሌላ መልስ፦ ፕሮትራክተር (የዘዌ መለኪያ) ባይኖርም ችግር የለም፤ የጎኖቹ ርዝመት ይናገራል። የሁለቱን አጫጭር ጎኖች ስኩዌር (እያንዳንዱ በራሱ ሲባዛ የሚመጣውን) ደምርና ከረጅሙ ስኩዌር ጋር አስተያይ። 4፣ 5፣ 6 ከሆኑ 16 ሲደመር 25፣ 41 ነው። ከ36 ስለሚበልጥ ሹል ነው። በ2፣ 3፣ 4 ግን ድምሩ 13፣ የረጅሙ 16፤ ዝርጥ ወጣ። 3፣ 4፣ 5 ላይ እኩል ይመጣል፤ ማዕዘናዊ።

ጥያቄ፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። «ሁለት ጎኑ እኩል» ሲባልስ ሦስቱም እኩል የሆነው ይገባል?

መልስ፦ እዚህ ጋ ክርክር አለ። «ሁለት መጽሐፍ አለኝ» ያለ ሰው ሦስት አለው ብለን አናስብም። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድም ቃሉን «ሁለት ብቻ» በሚል ነበር የበየነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት «ቢያንስ ሁለት» ነው። እኔም ይሄኛው ይሻለኛል። በእኩል ጎኖች ፊት ለፊት ያሉ ዘዌዎች እኩል ናቸው ብለህ አንዴ ካረጋገጥክ፣ ለሦስት እኩሉ እንደ አዲስ መጀመር የለብህም።

ሌላ መልስ፦ ጎንና ዘዌን አታምታታ እንጂ ወዳጄ። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንድ ጎነ ሦስት ከሁለቱም ስም ይወስዳል። 90፣ 45፣ 45 ያለው ማዕዘናዊም ሁለት ጎኑ እኩልም ነው። ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑት ግን ዘዌዎቻቸው 60፣ 60፣ 60 ስለሆኑ ከሹል ሌላ ምርጫ የላቸውም።