የመጀመሪያ የአፊሊየት ድረ ገጼን በምን ላይ ልክፈት? ስልክ፣ ክብደት መቀነሻ ወይስ የሹፌር ዕቃ?

ሹፌሩ ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ኡበርና ሊፍት እነዳለሁ። ማታ ማታ ሬገን ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ ስልኬ ላይ ከማፍጠጥ አንድ ነገር ልጀምር ብዬ ስለ አፊሊየት ማንበብ ያዝኩ። አሠራሩ ገብቶኛል። ስለ ዕቃው ትጽፋለህ፣ ሊንክ ታስቀምጣለህ፣ ሰው በሊንክህ ገብቶ ሲገዛ ሻጩ ኮሚሽን ይቆርጥልሃል። የቸገረኝ ርዕሱ ነው።

ሦስት ሐሳብ አለኝ። አንዱ የስልክ ግምገማ ነው፤ ስልክ የማይገዛ የለማ። ሁለተኛው ክብደት መቀነሻ። ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሰውዬ «ብሩ ያለው እዚያ ነው፣ የዋጋውን ግማሽ የሚከፍሉ አሉ» ይላል። ሦስተኛውን ያነሳችው ባለቤቴ ናት፦ ለእኛ ለሹፌሮች የሚሆን ዕቃ። ዳሽ ካም (መስታወት ላይ ተለጥፎ ጉዞውን የሚቀዳው ካሜራ)፣ የስልክ መያዣ፣ የወንበር ልብስ፣ ቻርጀር። እኔ ግን ጠበበብኝ። ማን ያነበዋል? ደግሞስ በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ? እንግሊዝኛዬ ያግባባል እንጂ አይራቀቅም። እስቲ የሞከራችሁ ምከሩኝ።

ባለምጣዷ

ወንድሜ፣ ባለቤትህን ስማ።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ የምጽፈው ስለ እንጀራ መጋገሪያ ነው። ስጀምር ያልሳቀብኝ የለም። «እንጀራው በየሱቁ ታሽጎ እየተሸጠ ማን ሊጋግር ነው?» ይሉኝ ነበር። እውነት ነው፣ እዚህ አካባቢ ያለ ሰው አያነበኝም። የሚያነበኝ የሐበሻ ሱቅ በአጠገቡ የሌለው ነው። ሞንታና ያለ፣ ነብራስካ ያለ። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ ሐበሻ ያገባች ፈረንጅ፣ ስንዴ የማይስማማው ሰው። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የምጽፈውም በእንግሊዝኛ ነው። አጭር አጭር አረፍተ ነገር ይበቃል። አትራቀቅ፣ የሚራቀቅ ሞልቷል።

ብዙ ሰው የሚገባበት ገጼ ከአዲስ አበባ ስለመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የጻፍኩት ነው። የአገር ቤቱ ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የአሜሪካ ሶኬት 120 ነው። እናት በስንት መከራ በሻንጣ ያመጣችው ምጣድ እዚህ ተሰክቶ አይግልም። ታዲያ ምን ይገዛ? እዚህ ብዙዎቻችን የምንጋግረው ኖርዌጂያኖች ሌፍሳ ለሚሉት ቂጣቸው በተሠራ ባለ 16 ኢንች መጋገሪያ ነው። ቤታኒ የሚባለው አይዋ ግዛት፣ ክሬስኮ የምትባል ከተማ ነው መሠረቱ። ጭራሽ ለእኛ ታስቦ አልተሠራም! እኔ ያንኑ ሊጥ በማይጣበቀውም በባዶው አሉሚኒየምም ላይ ጋግሬ ዓይኑን ከቅርብ ፎቶ አንስቼ አስቀምጣለሁ። ባዶውን በጎመን ዘር በደንብ ካላሟሹት የመጀመሪያው እንጀራ ተቦጫጭቆ ነው የሚነሳው። ያንንም ፎቶ አስቀምጫለሁ። ሰው የሚያምነው እሱን አይቶ ነው።

ስለ ገንዘቡ ልንገርህ። አማዞን ለወጥ ቤት ዕቃ 4.5 በመቶ፣ ለምግብ ሸቀጥ 1 በመቶ ይከፍላል። መጋገሪያው 150 ዶላር ነው ብንል 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ማለት ነው። 20 ዶላር የጤፍ ዱቄት ሲሸጥልኝ የማገኘው 20 ሳንቲም ነው። ጤፉ እንግዳ ይጠራል፣ ምጣዱ ይከፍላል። ስለዚህ ስለ ሁለቱም እጽፋለሁ። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ ሊንክህን ተጭኖ የገባ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የገዛው ሌላ ዕቃም ይቆጠርልሃል። መጋገሪያ ሊያይ ገብቶ ዳይፐርና የውሻ ምግብ ገዝቶ የሚወጣ አለ። እኔ ምን ቸገረኝ።

ክብደት መቀነሻውን ተወው። ጉግል ጤናና ገንዘብ ላይ ጥብቅ ነው፤ ማን እንደጻፈው ማየት ይፈልጋል። ግማሽ ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲጂታል ኮርስ ወይም ክኒን ሻጮች ናቸው፤ ገዢው ዕቃውን ሲመልስ ኮሚሽንህም አብሮ ይመለሳል። ለመሆኑ አንተ ያልዋጥከውን ክኒን ሰውን ዋጥ ትላለህ? ስልኩም ያው ነው። አንተ ገዝተህ ሳትጨርስ ትልልቆቹ በነፃ ተልኮላቸው ጽፈው ጨርሰዋል። በዓመቱ ደግሞ ያ ስልክ አሮጌ ነው።

አሁን አንድ ወረቀት አውጣ። የዕቃ ስም አትጻፍ። ወረፋ ላይ ጓደኞችህ የጠየቁህን ጥያቄ ብቻ ጻፍ። ሠላሳ ከሞላ ርዕስ አለህ። ካልሞላ ሌላ ፈልግ።

የሜሪላንድ ሹፌር

ባለምጣዷ ጨርሳዋለች፤ እኔ ከሠላሳው ጥቂቱን ላዋጣ።

ዳሽ ካም ስትመርጥ መጀመሪያ ባትሪውን እይ። ሊቲየም ባትሪ ያለው በሐምሌ ፀሐይ መስታወት ላይ ተለጥፎ ሲውል ሊያብጥ ይችላል። በባትሪ ፈንታ በካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ በሚይዝ ትንሽ ዕቃ የሚሠራው ሙቀቱን ይችላል። ይሄን ስንቱ ሹፌር ያውቃል? ሜሞሪ ካርዱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ተራ ካርድ ቀን ከሌት ሲጻፍበት ያልቃል፤ አንተ የምታውቀው ግን ስትጋጭ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ አለ፣ ዋጋውም ያን ያህል አይለያይም። ማታ የምንሠራ ደግሞ ውስጡን የሚያሳይ ኢንፍራሬድ ያለው ያስፈልገናል፤ ያለሱ የኋላ ወንበር ጨለማ ነው።

ከሁሉም የሚጠየቀው ግን የተሳፋሪን ድምፅ ስለ መቅዳት ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ መቅዳት ይቻላል። ሜሪላንድ ሁሉም መፍቀድ አለበት። ሜሪላንድ ካለችው ቤተስዳ ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ የሚሄድ ሰው ስትጭን በአንድ ጉዞ ሁለት ሕግ ነው። ስለዚህ ድምፁን በአንድ ቁልፍ የሚያጠፋ ካሜራ የቱ ነው? ለሚለው ብቻ አንድ ገጽ ይበቃዋል። እኔ ራሴ አነበው ነበር።

የወንበር ልብስ ላይም ስትጽፍ የጎን ኤርባጉን መውጫ የሚዘጋ እንዳለ አትርሳ።

ጥርጣሬ

ሞራላችሁን መንካቴ ካልሆነ፣ ጉግል ከ2024 ጀምሮ መልሱን ራሱ ከላይ እየጻፈ ነው። ሰው ድረ ገጽ ሳይከፍት ይሄዳል። አሁን የሚጀምር ሰው ባይደክም ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ባለምጣዷ

«ጤፍ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን ወስዶብናል፣ አልዋሽም። ግን እሱ ድሮም አይገዛም ነበር። 150 ዶላር ሊያወጣ ያለ ሰው ፎቶውን ማየት ይፈልጋል።

ከአዲስ አበባ

ለእኛስ ምን ትላላችሁ? እኔም ልጀምር ነው።

ባለምጣዷ

አንተ ከርዕሱ በፊት ክፍያው እንዴት እንደሚደርስህ አጣራ። አማዞን በቼክ ሲከፍል 100 ዶላር እስኪሞላ ይይዘዋል፣ 15 ዶላርም ይቆርጣል። ከዚያ ቼኩን የት ትመነዝረዋለህ? እኔ ብሆን ከባንክህ ጋር የሚገናኝ ክፍያ ያለውን ፕሮግራም መጀመሪያ አገኝና ርዕሱን እሱ ከሚሸጠው ውስጥ እመርጣለሁ። ለምሳሌ በመርከብ የማይጫን ነገር፣ እንደ ሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ ኪራይ) ወይም ሶፍትዌር።

ሹፌሩ ከአሌክሳንድሪያ

አመሰግናለሁ፣ ኑሩልኝ። ትናንት ወረፋ ላይ ወረቀቱን አወጣሁ። አጠገቤ የቆሙት ሹፌሮች ተሰብስበው እነሱ ይናገራሉ እኔ እጽፋለሁ፤ ወረፋው ሲንቀሳቀስ ገና አላለቀም ነበር። አንዱ የስልክ መያዣው ማስቲሽ በሙቀት ቀልጦ ስልኩ እግሩ ሥር የወደቀበትን ሲያወራ የማይስቅ አልነበረም። እና ወስኛለሁ፣ በእንግሊዝኛ የሹፌር ዕቃ። ስሙ ውስጥ «ኡበር» የሚል ላስገባበትና ዛሬውኑ አማዞን ላይ ልመዝገብ?

ባለምጣዷ

ሁለቱንም ቆይ! የሰው የንግድ ስም ድረ ገጽህ ስም ውስጥ አታስገባ፣ ነገ ጠበቃ ይጽፍልሃል። የአማዞንንም እንዲሁ። ምዝገባውንም አትቸኩልበት። ከተመዘገብክ በኋላ በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካልመጣ አካውንቱን ይዘጉታል። ሚስትህና ወንድምህ የገዙት ደግሞ አይቆጠርም። መጀመሪያ አሥር አሥራ አምስት ገጽ ጻፍ፣ ሰው መግባት ሲጀምር ተመዝገብ። ከሊንኩ ኮሚሽን እንደምታገኝ ከላይ በግልጽ ጻፍበት፤ አማዞንም የአሜሪካ መንግሥትም ይጠይቁታል። የድምፁን ገጽ ቀድመህ ጻፈው። ሲወጣ ሊንኩን እዚህ ጣልልን።