የማይክ «ገመድ» ነው ወይስ የማይክ «ሽቦ»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ማይክራፎን የሚሰካበትን «ገመድ» እንበለው ወይስ «ሽቦ»? ልዩነት አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ፣ ወንድም ዓለም! እኔ ደሴ ነው የምኖረው። በየሠርጉና በየመንዙማው ማይክ እዘረጋለሁ፤ ይህን ቃል በእጄ ነው የማውቀው።

«ገመድ» እና «ገመደ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መግመድ ማለት ክሮችን አክርሮ አንድ ማድረግ ነው። የማይኩን ገመድ ጎማውን ብትልጠው ይኸው ሥራ ይታይሃል። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠማዘዋል። በላያቸው ደግሞ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ራቁት ሽቦ አለ። ለየብቻ ሽቦ ናቸው፤ ሲገመዱ ገመድ ሆኑ።

ደግሞ የተገመዱት እንዳይበጠሱ ብቻ አይደለም። የማይኩ ድምፅ በአንደኛው ሽቦ ከፍ ሲል በሌላኛው ዝቅ ይላል። ከመብራት መስመር የሚመጣው የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ግን ሁለቱንም እኩል ይነካል። ስለተጠማዘዙ አንዱ ቀርቦት ሌላው ርቆት አይቆይም። ገመዱ የሚሰካበት የድምፅ መቀላቀያ፣ ሚክሰሩ፣ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ይወስዳል። በእኩል የገባው ጉርምርምታ ይጠፋል፣ የዘፋኙ ድምፅ ይቀራል። እንዲህ ከውጭ የሚገባውን ባለሙያው «ኢንተርፈረንስ» ይለዋል፤ እኔ «ጣልቃ ገብ» ነው የምለው፤ ሰው ሲጫወት መሀል የሚገባ ሰው አለ አይደል?

የተጎነጎነውን ባለሙያው «ሺልድ» ይለዋል። «ጋሻ» ያሉም አሉ። ለእኔ «ከለላ» ይበልጣል፤ ጋሻ ወደ አንድ ወገን ነው የሚመክተው፣ ይሄ ግን ዙሪያውን ከልሎ ነው የሚውለው። ባለ ሦስት እግሩ መሰኪያ ላይ 1 ቁጥር ከለላው ነው፤ 2 ፖዘቲቭ፣ 3 ኔጋቲቭ።

አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ዳሱ በር ሲደርሱ ማይኩ «እምምም» ይል ጀመር። መሰኪያውን ብፈታው የ3 ቁጥሩ ብየዳ ለቋል። አንዱ ሽቦ ያለ ጓደኛው ቀርቷል! እጄ እየተንቀጠቀጠ በየድኩት። ጸጥ አለ።

ጥያቄ፦ አብሽር፣ ገባኝ። «ስታር ኳድ» የሚባለው የማይክ ገመድስ? ውስጡ አራት ሽቦ ነው።

መልስ፦ አራቱም አብረው ይጠማዘዛሉ፤ ጫፍ ላይ ትይዩዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይገናኛሉ። ጣልቃ ገብን የበለጠ ይከላከላል። «ባለ አራት ግምድ» ብንለውስ? እሱም ቢሆን ከጄነሬተሩ መስመር ጋር ጎን ለጎን አይተኛም። የግድ ከተገናኙ በመስቀለኛ ይለፍ።