ለሚያዝያ 27 ጠረጴዛ፦ የደምበጊና ዲዮራማ የጋራ ዕቅድ

ሰብሳቢ፦
እሑድ የተነጋገርነውን ልጻፈው፤ በኋላ «እኔ አልሰማሁም» የሚል እንዳይመጣ። በአርበኞች ቀን አዳራሹ አንድ ጠረጴዛ ለቆልናል። እንደ ዓምናው ሁሉም የየራሱን የታይገርና የፓንተር ታንክ ሞዴል ተሸክሞ አይመጣም። በሚያዝያ 27 የጀርመን ታንክ ደርድረን ስንቆም እናቶች ምን እንዳሉን የረሳ የለም።

ዘንድሮ አንድ የጋራ ዲዮራማ ነው፤ ውጊያውን ከነመሬቱ በትንንሽ ሞዴል የሚያሳይ። ደምበጊና፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928። የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ የጣሊያንን ታንኮች መተላለፊያው ላይ የያዘበት ቀን። ስኬሉ 1/35፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ። ሦስት ኤል 3/33 (የጣሊያኖቹ ታንክ)፣ 18 ዘማች፣ መደቡ 60 በ80 ሳንቲ። ታንኮቹ ተገዝተዋል። የኢትዮጵያ ዘማች በኪት (በተገጣጣሚ ሞዴል) ፈልገን ስላጣን ከሌላ አገር ወታደር እየቆረጥን እንሠራለን። አስተያየት እስከ ዓርብ። ቅዳሜ ፕሮፖዛሉ ለኮሚቴው ይሄዳል፤ የምንጠይቀው የመስታወት ሳጥኑንና የመብራቱን ወጪ ነው።

ሒሳብ፦
ከአስተያየት በፊት መዋጮ። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ሦስቱ ኪት የተገዙት በከፈሉት ሰዎች ገንዘብ ነው። ያልከፈለ ሰው ስለ ቀለም ሲከራከር እንዳላይ።

የፒያሳው፦
ደምበጊና ነው ደምበጫ? አንዱን ወስኑ።

ሙጫ፦
ደምበጊና፣ ሽሬ። ደምበጫ ጎጃም ነው። ራስ እምሩ ከጎጃም ስለዘመቱ ነው ሰው የሚያምታታው።

በዚያውም የመጀመሪያው ሰውዬ አልቋል፣ ፎቶው ይኸው። ሲጀመር የጀርመን እግረኛ ነበር። የብረት ቆቡን ቆርጬ ጎፈሬ በሚሊፑት (ሲቆይ በሚደርቅ የሞዴል ሊጥ) አወጣሁለት። ሸማው ሶፍት ነው፤ በውሃ የቀጠነ ኮላ አርሼ አለበስኩት፣ እጥፋቱን በመርፌ እያስተካከልኩ አደረቅኩት። ጠመንጃው ውጅግራ ነው። መከራዬን ያየሁት እግሩ ላይ ነው። ቦት ጫማውን ልጬ ባዶ እግር ሠራሁለት። እግሩ በሙሉ ሰባት ሚሊ ነው፣ ሰባት ሚሊ ላይ አምስት ጣት ቁጠሩ። ሚሊፑቱን ቶሎ ከነካችሁት መርፌው ላይ ይለጠፋል፣ ካሳለፋችሁት ይፈረፈራል፤ መሃሏን ሰዓት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦
እጅህ ይባረክ፣ ሸማው እውነተኛ ነው የሚመስለው። ግን በባዶ እግሩ ነው እንዴ አዳራሽ የምናቆመው? ጫማ አድርግለት።

ሙጫ፦
ምን ጫማ?

የአሌክሳንድሪያው፦
እኔ ምን አውቄ። ሰንደል ነገር። በረባሶ።

የፒያሳው፦
በ1928 በረባሶ! ጎማውን ከየት አመጡት፣ ከጣሊያን መኪና ነቅለው? በዚያው ኮንጎ ጫማ አድርግላቸው።

የአሌክሳንድሪያው፦
ሳቁ። እኔ የምለው ልጆቼ እዚህ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ የክፍል ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እነዚያ ፈረንጅ ልጆች ስለ ኢትዮጵያ ከወላጆቻቸው የሰሙት ነገር ቢኖር ድርቅ ነው፣ እኛ ደግሞ በገዛ ገንዘባችን አሥራ ስምንት ጫማ የሌለው ሰው መብራት አብርተን በመስታወት ውስጥ እናሳያቸዋለን? ይሄ ኩራት ነው?

ሙጫ፦
የሚያዩት ታንክ የማረከ ሰው ነው እኮ! ያኔ የተነሱትን ፎቶዎች ክፈትና እይ። ክቡር ዘበኛ እንኳ በቤልጅግ መኮንኖች ሠልጥኖ፣ ካኪ ለብሶ፣ ማይጨው ላይ በባዶ እግሩ ነው የተዋጋው። ታዲያ የክተት ጦሩ ላይ እኔ ጫማ ልጨምርበት?

የአሌክሳንድሪያው፦
ፎቶው ላይ መኳንንቱ ጫማ አላቸው። መኳንንቱን ሥራ።

ሙጫ፦
18 መኳንንት? ታንኩ ላይ ማን ይውጣ ታዲያ?

ሒሳብ፦
አሌክሳንድሪያ፣ መዋጮህ አልደረሰኝም።

ታንከኛው፦
ልጆች፣ እግር እግር ስትሉ ታንኩን የሚያነሳ ጠፋ። እኔ ዕድሜዬን ቲ-55 ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ይቺን ታንክ ለማለት ምላሴ አይታዘዝም። ሦስት ቶን ናት። ሁለት ሰው ነው የምትይዘው፣ ቁመቷ ደረት ላይ ነው። መትረየሷ ከፊት ነው፣ ዞሮ የሚተኩስ ቱሬት የላትም። ከኋላ የመጣባትን አታይም፣ ብታይም አትመታም። መንገዱን በድንጋይ ዘግተው፣ ከኋላ ወጥተውባት ነው ጉድ የሠሯት። ሙጫ፣ አንተ በላክኸው ፎቶ ላይ ሰውየው ከፊት ነው የሚሮጥባት። ከፊት የሮጠባት ሰው አልቆለታል። ከኋላ አድርገው። ሁለቱ ሰንሰለቷን በድንጋይ ይምቱ፣ አንዱ ጀርባዋ ላይ ይውጣ። የሰዎቹ ነገር ከዚያ በኋላ ነው።

ሰብሳቢ፦
ጋሼ ያሉት ይያዝ። ይሄ ነው አስተያየት ማለት። ሌላስ?

የአሌክሳንድሪያው፦
ጋሼ እውነትዎን ነው። ከኋላ ከሆነ ግን የውስጥ እግሩ ሁሉ ነው የሚታየው።

የፒያሳው፦
ሳር አልብሱበት። ታኅሣሥ ነው፣ ሳሩ ደርቆ ጉልበት ይደርሳል። እግሩ አይታይም። ሙጫም ያርፋል፣ አሌክሳንድሪያም ያርፋል።

ሙጫ፦
36 እግር፣ 180 ጣት ልቀርጽ ተዘጋጅቼ ሳር ትከልልብኛለህ?

የአሌክሳንድሪያው፦
የሳሩ ሐሳብ ጥሩ ነው። እደግፋለሁ።

የሽሬው ልጅ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ። መተላለፊያው ድንጋይ ነው። ጋሼ ታንከኛው ድንጋይ ሲሉ እናንተ ሳር ትላላችሁ። ድንጋዩን ነው ታንኩ መዞር ያቃተው፣ ሳሩንማ ጨፍልቆት ያልፍ ነበር። ሳር ካለበሳችሁት ደምበጊና አትበሉት፣ ሱሉልታ በሉት።

ባለ ፕሪንተሩ (ዳላስ)፦
ለምን ትጣላላችሁ? እግሩን በሬዚን ማተም እችላለሁ። ባዶውንም፣ ሰንደል ያደረገውንም። ፋይሉን ዛሬ ማታ ሠርቼ ሐሙስ 36 እግር በፖስታ እልካለሁ። የሚመርጥ ይመርጣል።

ሰብሳቢ፦
ተባረክ። ተመዝግቧል፣ ሐሙስ።

ሒሳብ፦
ሬዚኑን ማን ነው የሚከፍለው? አትሽሹኝ።

አሁን አንድ ነገር ልበል፣ ከሒሳብ ውጪ። ያ ጦር በባዶ እግሩ መሆኑ የጌጥ ነገር አይደለም። ከደምበጊና በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ታኅሣሥ 13፣ እዚያው ተከዜ ላይ አውሮፕላን መጣ። የጣለው የለመዱትን ቦምብ አልነበረም። እንደ በርሜል ያለ ነገር ነበር፣ ሲወድቅ ይፈነዳና ቀለም የሌለው ውሃ ይረጫል። ውሃው የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ተላጠ። ይህን የተናገሩት ራሳቸው ራስ እምሩ ናቸው። የመርዝ ጋዝ ነበር። አሁን ጫማ የሌለው ሰው በዚያ መሬት ላይ ሲራመድ አስቡት። እኛ ጫማ ካለበስናቸው ይሄን ታሪክ ለልጆች ምን ብለን ነው የምንነግራቸው? አበቃሁ። መዋጮ።

የሽሬው ልጅ፦
እግዜር ይስጥሽ።

የአሌክሳንድሪያው፦
እሱ ሌላ ነገር ነው። እሱ ከተጻፈበት ባዶ እግር ይሁን። ግን ጽሑፉ ትልቅ ይሁን፣ ከመስታወቱ ፊት፣ በሁለት ቋንቋ።

ሰብሳቢ፦
ተስማማን ማለት ነው? ባዶ እግር፣ ሳር የለም፣ ድንጋይ አለ፣ ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ።

የአሌክሳንድሪያው፦
ተስማማን። አንድ ስድስቱ ብቻ ጫማ ይኑራቸው።

ሙጫ፦
ምን???

የአሌክሳንድሪያው፦
ከአሥራ ስምንት ሰው መሃል ስድስት ጫማ ያለው አይጠፋም። አለቃ የለውም እንዴ ጦሩ?

የፒያሳው፦
ሦስት።

የአሌክሳንድሪያው፦
አምስት።

የፒያሳው፦
አራት፣ ከአራቱ አንዱ ሰንደል።

ሙጫ፦
መርካቶ ናችሁ እንዴ! እዚህ ማታ ማታ ልጆቼን አስተኝቼ ዓይኔን በአጉሊ መነጽር እያጠፋሁ ነው፤ እናንተ ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ ጫማ ትደራደራላችሁ። አንዳችሁ እስካሁን አንድ ሰው ሠርታችኋል? አንድ ጋሻ? አንድ ዝናር? ጫማ ቆጣሪ ፈልጉ። እኔ ወጥቻለሁ።

ሰብሳቢ፦
ኧረ ተው ወንድሜ። አሌክሳንድሪያ፣ አንተም ተው እንግዲህ።

የአሌክሳንድሪያው፦
ሐሳቤን ነው የሰጠሁት። ሐሳብ መስጠት ክልክል ከሆነ ንገሩኝ።

ታንከኛው፦
አንደኛዋን ኪት መገጣጠም ጀምሬያለሁ። ሰንሰለቷ ፍሬ በፍሬ ነው የሚቀጠለው፣ አንዷ የሩዝ ቅንጣት አታክልም። ዝምታ ስጡኝ።

የፒያሳው፦
ሰዎች፣ ጫማ ከሆነ ጭቅጭቁ መፍትሔ አለኝ። ቃኘው ሻለቃ! ኮሪያ፣ 1943። ትጥቁ ሁሉ የአሜሪካ ነው፣ ቦት ጫማው ጭምር። የአሜሪካ እግረኛ በ1/35 እንደ ልብ ይገኛል፣ መቁረጥ የለ፣ ሚሊፑት የለ፣ ፊቱን ቀለም ቀብቶ ትከሻው ላይ ምልክቱን መለጠፍ ነው። አንድም ሰው ሳይማረክባቸው የተመለሱ ናቸው። ኩራት ከፈለጋችሁ ይኸው ኩራት። ለእኛም እዚህ አዲስ አበባ ላለነው ይቀላል፤ ቀለምና ሙጫ የሚያመጣልን ሰው ስንለምን ነው የምንኖረው፣ ድንጋይና ሽቦውን እንጂ ሌላውን ምን አለሽ ተራ አይሸጡልንም።

የአሌክሳንድሪያው፦
ይሄ ነው!! ልጆቼ ጂፑን ይወዱታል። ጂፑን እኔ እገዛለሁ፣ ከራሴ።

ሒሳብ፦
ከራስህ ስትል ከመዋጮው ሌላ ነው አይደል?

ሰብሳቢ፦
ቆይ ቆይ። ሚያዝያ 27 እኮ ነው። ኮሪያ ላይ ጣሊያን የት ነበር?

የሽሬው ልጅ፦
ጫማ ሸሽታችሁ ኮሪያ ገባችሁ።

ታንከኛው፦
ቃኘው እግረኛ ሻለቃ ነው፣ የራሱ ታንክ አልነበረውም። ታንክ ያለበት ከሆነ ብላችሁ ነው እኔን የጠራችሁኝ።

የፒያሳው፦
ጋሼ፣ ጂፕ አለ እኮ።

ታንከኛው፦
ጂፕ ታንክ ነው?

የሽሬው ልጅ፦
ደግሞ ቃኘው ከክቡር ዘበኛ ነው የተመለመለው። ማይጨው ላይ በባዶ እግሩ የነበረው ያው ክቡር ዘበኛ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው አንድ ነገር ነበር፤ አንዱን ደብቃችሁ አንዱን ስታወጡ ነው እኔን ቅር የሚለኝ።

ሰብሳቢ፦
ይህቺ ጥሩ ናት። አንድ 1928፣ አንድ 1943። እንዲያውም ከዓድዋ ብንጀምርስ?

የአሌክሳንድሪያው፦
ዓድዋ! እዚያ ላይ ጎፈር፣ ጋሻ፣ ፈረስ አለ። ፈረሰኛ ከሆነ እግሩ እርካብ ውስጥ ነው፣ ብዙም አይታይም።

ሒሳብ፦
ሰማችሁት? አሁንም እግር ላይ ነው። ለመሆኑ ሦስቱ ኪት የተከፈቱ ናቸው፣ የገዛንበት ሱቅ አይመልስም። ታንክ የሌለበት ዕቅድ ካወጣችሁ ገንዘቡን ማን ይተካል?

ሰብሳቢ፦
ዳላስ፣ ሐሙስ አልፏል። እግሮቹ የት ደረሱ?

ሰብሳቢ፦
ዳላስ? መልእክቱን አይተኸዋል፣ ምልክቱ ይታየኛል።

የፒያሳው፦
እሱማ እግሩን አወጣ።

ሰብሳቢ፦
ቅዳሜ ነው፣ ጊዜ የለም። ወደ ኮሚቴው የላክሁት ይሄ ነው። ርዕሱ «የኢትዮጵያ ወታደር፣ ከዓድዋ እስከ ኮሪያ»። አምስት ሰው፣ ለየብቻ በየእንጨት መቆሚያው፤ መልክዓ ምድር የለም፣ ድንጋይም ሳርም የለም። ለዓድዋ ፈረሰኛ፣ ለ1928 አንድ የክተት ዘማችና አንድ ክቡር ዘበኛ፣ አንድ አርበኛ፣ አንድ ቃኘው ከጂፑ ጋር። ኤል 3 «ከደረሰ» የሚል ገብቷል። የመስታወት ሳጥኑ አንድ የነበረው ሁለት ትንንሽ ሆኗል፣ ዋጋው ትንሽ ጨምሯል። የሒሳብ ጽሑፍ ስለ መርዝ ጋዙ ቃል በቃል ተያይዟል።

የሽሬው ልጅ፦
ደምበጊና የሚል ቃል አለበት?

ሰብሳቢ፦
ከኤል 3 ሥር በቅንፍ።

ሙጫ፦
ወጥቻለሁ ብያለሁ ግን አነባለሁ። ፕሮፖዛሉ ላይ ያለው ፎቶ የእኔ ሰውዬ ነው። ሳትጠይቁኝ። እሺ፣ ይሁን። የክተት ዘማቹ እሱ ይሆናል፣ ባዶ እግሩን እንዳለ። ማንም አይነካውም። ክቡር ዘበኛውንም እኔ ነኝ የምሠራው፣ ለሌላ ሰው ከሰጣችሁት ቦት ጫማ ታደርጉለታላችሁ። ሌሎቹን እናንተ ታውቃላችሁ።

የአሌክሳንድሪያው፦
አንተ የምትሠራውን እኔ መቼ ተቃወምኩ?

ታንከኛው፦
አንደኛዋ አልቃለች፣ ቀለም ነው የቀራት። «ከደረሰ» ያላችሁትን ሰርዙት፣ ደርሳለች። ሁለተኛዋን ልጀምር ሳጥኑን ስከፍት የግራ ሰንሰለቷ የለም። ከረጢቱ ተቀዷል። ማን ነው የከፈተው?

የፒያሳው፦
እኔ አዲስ አበባ ነኝ።

ሒሳብ፦
ሁለተኛውን ሳጥን ለአንድ ሳምንት ብሎ የወሰደው አሌክሳንድሪያ ነው። ጽፌዋለሁ።

የአሌክሳንድሪያው፦
ልጆቼ ይዩት ብዬ ነው። ምንጣፉ ሥር ሳይሆን አይቀርም፣ ዛሬ ማታ እፈልጋለሁ።

ሒሳብ፦
ስታገኘው ከመዋጮው ጋር አንድ ላይ አምጣው።